ወርቁ የፈሰሰበት ባጅ

አክስቴ ባይነሽ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አይሆንላትም። ደሴ፣ ሆጤ ሠፈር ያለው ቤቷ ሁለት ክፍል ብቻ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ስትዞርበት ትውላለች። መጋረጃውን ትገልጣለች፣ መልሳ ትዘጋለች፣ በር ላይ ወጥታ መንገዱን ታያለች፣ ትገባለች። እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን ለእንግዳው ሰጥታ እሷ ቆማ ታጫውተዋለች። ቸርች እንኳ የምትቀመጠው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው፤ ስብከቱ ረዘም ካለባት ወጣ ብላ ግቢውን ዞር ዞር ብላ ትመለሳለች። ሰዉ ለምዶታል፤ ማንም ዞሮ አያያትም።

ልጅ ሳለሁ አባቴን ምክንያቱን ጠይቄው ነበር። አባቴ ፀጋዬ ታላቅ ወንድሟ ነው። ጀርመን አገር ቀን ከቀን ቆማ መሥራት ለምዳ ነው አለኝ። ያኔ በቂ መልስ መስሎኝ ነበር።

የጀርመኑ ነገር እንዲህ ነው። በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ኮምቦልቻ ላይ ለሚከፈት አንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ይሠልጥን ተብሎ ወጣቶች ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላኩ። ባይነሽ አንዷ ነበረች። ሌላዋ መዲና ነበረች፤ የሠፈሯ ልጅ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የተቀመጠች። ሁለቱም ከኮምቦልቻ ወጥተው አያውቁም ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያለቅሱ፣ አብሯቸው የሚሄደው ኃላፊ ለሠርግ እንጂ ለልቅሶ አይደለም የምትሄዱት እያለ ሲያስቃቸው እንደነበር አክስቴ ትናገራለች።

የተመደቡት የማሽን ዕቃ ቅብ በሚለብስበት ክፍል ነው። ትልልቅ ገንዳዎች አሉ፤ ገንዳው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ውሃ አለ። ብረቱ ይነከርና ኒኬል ወይም ክሮም ለብሶ ይወጣል። አለቃቸው ሄልጋ የምትባል ደንዳና ሴትዮ ነበረች። ብዙ አትናገርም። ሁለት ብረት አምጥታ መስኮቱ ዘንድ ታስቀምጥና የትኛው ምን እንደለበሰ ንገሩኝ ትላለች፤ ከተሳሳቱ ምንም ሳትል ብረቶቹን ይዛ ትሄድና በማግስቱ ሌላ ታመጣለች። እንዲህ እያለ ዓይናቸው ተገራ። ኒኬል ነጭ ሆኖ ጥቂት ወደ ቢጫ ያደላል፤ ክሮም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ብር ከሁሉም ይነጣል፣ ግን አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። እውነተኛ የወርቅ ቅብ ቢሳሳም ቀለሙ አይለወጥም፤ ወርቅ እንዲመስል ቬርኒሽ የተቀባ ናስ ግን ጠርዝ ጠርዙ ላይ እየተላጠ ከሥሩ ቡናማ ይሆናል። ትንፋሽ እፍ ሲሉበት ደግሞ ቬርኒሹ ያለበትና የሌለበት ቦታ ጉሙ እኩል አይለቅም።

ሥልጠናው ሲያልቅ ለጎበዞቹ ባጅ ተሰጠ። ናስ ላይ ወርቅ የተቀባ፣ መሐሉ ላይ መዶሻና ኮምፓስ፣ ዙሪያውን የስንዴ ዛላ። ባይነሽም መዲናም አገኙ። ሌሎችም ብዙ ሰዎች ያንኑ ባጅ አግኝተዋል። ሁለቱ ታዲያ የሁሉ ሰው ዓይነት እንዳይሆን ብለው መላ መቱ። ሄልጋ ምሳ ስትወጣ ከመሳቢያዋ የጥፍር ቀለም አነሡ፤ ዛላውንና መዶሻውን በጥፍር ቀለሙ ሸፈኑት፤ ከዚያ ባጁን ኒኬል ገንዳ ውስጥ ነከሩት። ቀለሙን ሲያነሡት ያረፈበት ወርቅ ሆኖ ቀረ፤ የቀረው ነጣ። የባይነሽ ጥርት ብሎ ወጣ። የመዲና እጅ ግን ተንቀጥቅጦ ኖሮ ከቀኙ ዛላ ሥር ቀለሙ ወርዶባታል፤ ስለዚህ ወርቁ እዚያ ቦታ ላይ እንደ እንባ ፈሶ ቀረ። ሄልጋ ስታይ ትቆጣለች ብለው ፈርተው ነበር። አገላብጣ አይታ፣ ከመንከራችሁ በፊት በደንብ አላጠባችሁትም ብላ ብቻ መለሰችላቸው።

አገር ቤት ተመልሰው ፋብሪካ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን መዲና ሥራ ቀረች። በማግስቱም ቀረች። ባይነሽ ቤታቸው ስትሄድ በሩ ታሽጎ፣ ከብቶቹ እንኳ የሉም። ጎረቤት ወደ ባቲ ሄዱ አላት፤ ሌላው ጅቡቲ ተሻግረዋል አለ፤ ቆየት ብሎም ዐረብ አገር ናት የሚል መጣ። ምን እንደነካቸው የሚነግራት ግን አላገኘችም። ሲጠየቁ ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ያ ዘመን ፊት የሚዞርበት ዘመን ስለነበር ባይነሽ አልገረማትም።

ባጅ መሰብሰብ የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው። መንግሥት ሲለወጥ ሰው መዶሻ ያለበትን ነገር ሁሉ ከቤቱ አወጣ። አንዱ ጉድጓድ ጣለ፣ ሌላው ለቆራሌ ሰጠ። ባይነሽ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ጀርባ የቆራሌ ክምር ላይ አንድ የጀርመን ባጅ አየች። የመዲና ይሆን ብላ አነሣችው። አልነበረም፤ አልሙኒየም ነበር፣ በእጅ ሲይዙት ክብደት የለውም። መልሳ ልትጥለው ግን አልቻለችም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቆራሌ አወቃት።

ወሎ ውስጥ የጀርመን ባጅ ይገኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሠልጥነው የመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህል ይዘው የመጡትም ለአስተርጓሚና ለሾፌር እየሰጡ ሄደዋል። የስፖርት አለ፣ የቀይ መስቀል ረዳቶች አለ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አለ፣ የምርጥ ሠራተኛ አለ። አክስቴ ሁሉንም በወፍራም አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ሰክታ ጠቅልላ ታስቀምጣለች። አንዱንም አትወለውልም። አንድ ጊዜ ደስ ይላታል ብዬ የጠቆረ የብር ባጅ በጥርስ ሳሙና ልወለውልላት ሳነሣ ከእጄ ነጠቀችኝ። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፣ እሱን ካጠብሽው ምን ይቀረዋል አለችኝ።

ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቀርብ ሁላችንም ወደ ደብረ ብርሃን በሸሸንበት ጊዜ ሌላው ሰው ብርድ ልብስና ዱቄት ሲሸከም እሷ ጨርቁን ወገቧ ላይ ጠምጥማ በላዩ ነጠላ አሰረች። መንገድ ላይ ጭነት መኪና ላይ ተጨናንቀን ስንሄድ መርፌዎቹ ሲወጓት ትንሽ ትንሽ ትነቃነቅ ነበር። እናቴ ተናድዳ ለቆርቆሮ ብለሽ ትደሚያለሽ እንዴ አለቻት። አክስቴ ነጠላዋን ይበልጥ አጠበቀች።

ዝናዋ ኮምቦልቻ ድረስ ደርሶ ኖሮ ከሊድ የሚባል ደላላ አንድ ቀን የጀርመን ጦር ባጅ ይዞ መጣ። በሂትለር ጊዜ የተሠራ ነው፣ አዲስ አበባ የሚፈልግ ሰው አለ፣ እርስዎ እውነተኛ ነው ካሉልኝ ያልቃል አላት። አክስቴ መስኮቱ ዘንድ ይዛው ቆመች። እፍ አለችበት፤ ጠበቀች። ከዚያ ገልብጣ የመርፌውን ሥር አየች። ዕድሜ ያጠቆረው ባጅ ጉድጓድ ጉድጓዱ ላይ ይጠቁራል፣ ከፍ ከፍ ያለው ግን በልብስና በእጅ እየተፋቀ ይገረጣል አለችው። ይሄ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠቁሯል፤ መድኃኒት ውስጥ ተነክሮ ነው፤ ከሥሩም አዲስ ዚንክ ነው። ከሊድ ተከራከረ፤ ቢያንስ ዝም ይበሉልኝ ብሎ ለመናት። እሷም እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጨርቄ ላይ አላስቀምጠውም ነበር ብላ መለሰችለት፤ የሂትለር ምልክት ያለበት ነገር ቤቷ እንዲያድር አትፈልግም። ከሊድ ቅር ብሎት ሄደ። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ቤቱን አሥር ጊዜ ዞረችው። ሰው ዘንድ ያለውን ሐሰት ባወቀች ቁጥር እንዲህ ናት።

ከሷ ጋር የሚሠራው ቆራሌ ወንድምአገኘሁ ይባላል። የኩታበር ሰው ነው፤ የቄስ ልጅ፣ ጉልበቱ እየደከመ የመጣ። ጀሪካንና የፕላስቲክ ሳፋ ተሸክሞ በየገጠሩ እየዞረ በአሮጌ ብረት ይለውጣል። ትርፍ የሌለውን ትንሽ ነገር ሁሉ ለእትዬ ባይነሽ ብሎ በጨርቅ ይቋጥርላታል።

ባለፈው ዓመት ከጥቅምት ብርድ በኋላ ነው፤ እኔ ከምሠራበት ፋርማሲ ወጥቼ እሷ ዘንድ ቁጭ ብያለሁ። ወንድምአገኘሁ መጣና ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ቁልፍ፣ የጣልያን ጊዜ ሳንቲም፣ የተሰበረ ማንኪያ፣ ባጅ። አክስቴ በጣቷ ባጁን ለይታ አነሣችው። ወደ መስኮቱ ሄደች። እፍ አላለችበትም፤ አልገለበጠችውም። ቆማ ቀረች።

"እትዬ?" አልኳት።

ሄጄ ከትከሻዋ በላይ አየሁት። ዛላው ወርቅ ነው፣ መደቡ ነጭ ነው። ከቀኙ ዛላ ሥር ወርቁ ወደ ነጩ ፈሷል።

"ከየት አመጣኸው?" አለችው።

ወንድምአገኘሁ አሰበ። ገራዶ ነው አለ። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ሰማያዊ በር ያለው ቤት፤ አንዲት ልጅ እግር ሴት በአሮጌ የብረት ሣጥን የሞላ ቅራቅንቦ አምጥታ በጀሪካን ለውጣኛለች። እናትየዋ ውስጥ ነበሩ መሰለኝ፣ አልወጡም።

አክስቴ ዛሬውኑ እንሂድ ብላ ነጠላዋን አነሣች። መሽቷል ነገ ይሁን ብዬ ለምኜ ነው ያስቀረኋት፤ ብታድርም አልተኛችም። ማለዳ በባጃጅ ሄድን። ገራዶ ከደሴ ሩቅ አይደለም፤ ምድረ ወሎ የገበያ ቀን የሚሄድበት መንገድ ነው። መንገዱን ሁሉ አክስቴ ባጃጁ ውስጥ እየተነሣች ትቀመጥ ነበር። ሾፌሩ በመስታወቱ ሁለቴ ዞሮ አያት።

ሰማያዊውን በር የከፈተችው ኢስራ የምትባል ልጅ እግር ሴት ነበረች፤ ከኔ እድሜ ብዙም የማትርቅ። ባጁን ስታይ ደነገጠች፤ የለወጠችው ዕቃ የሰው ሆኖ ባለቤቱ የመጣ መሰላት። አክስቴ እናትሽ መዲና ናት ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከውስጥ ማን ነው የሚል ድምፅ መጣ። አክስቴ ያንን ድምፅ ስትሰማ የበሩን ጠርዝ ያዘች።

መዲና ቀጭን ናት። ፊቷ ላይ ብዙ ነገር አልፏል፤ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። ሁለቱ ተያዩ። አክስቴ ተንደርድራ ሄዳ አቀፈቻት። መዲና አልገፋቻትም፤ እጇን ግን አላነሣችም። ከዚያ ግቡ አለችን፤ በራችን የደረሰን ሰው አንመልስም በሚል ዓይነት። ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። እኔን አይታ ልጅሽ ናት ስትላት አክስቴ ልጄ ናት አለቻት። ወንድሟ ፀጋዬ፣ አባቴ፣ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ነው የምትለኝ፤ ነገር አስባ አይደለም።

አክስቴ ሳታቋርጥ ታወራለች። የፈለገችበትን ዓመታት፣ ባቲ ሄዳ የጠየቀችውን፣ ሰዉ ዐረብ አገር ናት ያላትን፣ ቆራሌዎቹን ሁሉ ተረከችላት። ባጁን ከቦርሳዋ አውጥታ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው። መዲና ባጁን አላየችውም።

"አንቺ እኔን አጣሽ እንጂ እኔ አንቺን አላጣሁሽም" አለች። "ደሴ ገበያ ብዙ ጊዜ አይቼሻለሁ። ከቆራሌዎቹ ጋር ስትከራከሪ እያየሁሽ በሌላ በኩል አልፌአለሁ።"

 አክስቴ ለምን ብላ ጠየቀቻት።

"ፀጋዬን ጠይቂው" አለች መዲና።

"ፀጋዬ እኮ ሞቷል።"

"እሱንም ሰምቻለሁ።"

ከዚያ ነገረቻት። ድምፅዋን አላነሣችም፤ ኢስራም ከጓዳ ወጥታ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ለካ እሷም ሰምታው አታውቅም። ያን ዓመት ለጦር ሜዳ ልጅ የሚታፈስበት ዓመት ነበር። የመዲና ታናሽ ወንድም ጁነይድ ገና ትምህርት ቤት ነው። የቀበሌው ታጣቂዎች ከሌላ ሠፈር የመጡ ስለነበሩ ቤታቸውን አያውቁትም። ከዐስር ሶላት በኋላ ጁነይድ ግቢ ውስጥ ለከብቶቹ ገለባ ሲያቀርብ በሩ ተንኳኳ።

"መርቶ ያመጣቸው ፀጋዬ ነው። እዛች በር ላይ ቆሞ፣ 'ይሄ ነው' አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ቤታችን በልቶ ያደገ ልጅ ነው ባይነሽ። እናቴ የጁነይድን ጫማ ይዛ ከኋላቸው ሮጠች፤ ጫማውን እንኳ አልተቀበሏትም። ከዚያ ወዲያ ወላሂ ወሬውን አልሰማንም። እናቴ ያንን ጫማ ይዛ ነው ከኮምቦልቻ የወጣችው።"

እኔ እጄን የት እንደማስቀምጥ አላወቅሁም። አክስቴ ወደኔ ዞር አላለችም። መዲና ለእንግዳ የሚቀርበውን አቅርባልን እንደ ወጉ አብሽሪ ብላ ሸኘችን፤ ባጁን ግን በጀሪካን የለወጥነው ነገር ነው፣ ውሰጂው አለቻት።

አባቴ የሞተው እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ነው። ቤታችን ጌታን የተቀበለው ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲሆን መጀመሪያ የተቀበለው እሱ ነበር። ቸርች ውስጥ ሽማግሌ ሆኖ አገልግሏል። ሲጸልይ ያለቅስ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ለቅሶው ያሳፍረኝ ነበር፣ ሳድግ ኮራሁበት። ቀብሩ ላይ የተናገሩት ሁሉ ደግ ሰው እንደነበር መሰከሩ። እኔም ደግ አባት ነው የማውቀው። ከገራዶ ስንመለስ ያ ለቅሶ ምን እንደነበር እያሰብኩ መጣሁ።

አክስቴን ስንት ጊዜ ጠየቅኋት። የቀበሌውን የልጅ ኮታ ሞልቶ ካላመጣ እሱን ራሱን ይወስዱት ነበር ይሆናል፤ ተገዶ ይሆናል፤ እሱም ገና ወጣት ነበር አልኳት።

"እኔም ምክንያት ፈልጌለት ነበር" አለችኝ አንድ ቀን፣ መስኮቱን እየከፈተች። "አላገኘሁም። አንቺ ካገኘሽ ንገሪኝ።"

ለብዙ ሳምንት ጨርቁን አልፈታችም። ወንድምአገኘሁ አንድ ቀን ከብር የተሠራ የሚመስል አምጥቶ ነበር፤ ሳታየው ክሮም ነው አለችው። አየሁት፤ ክሮም አልነበረም። ወንድምአገኘሁ እትዬ አመማት እንዴ ብሎ በምልክት ጠየቀኝ። ቤት ውስጥ መዞሯ ባሰ። አንዳንዴ በር ላይ ወጥታ ትቆይና ስፈልጋት መንገዱ ጫፍ ላይ፣ የገራዶ ባጃጅ የሚቆምበት ዘንድ አገኛታለሁ፤ አትሳፈርም፣ ትመለሳለች።

በኋላ ተሳፈረች። ብቻዋን ሄደች። ከዚያ ደግማ ሄደች። አንዳንድ ቀን በሩ ይከፈትላታል፣ አንዳንድ ቀን ኢስራ እማዬ የለችም ትላታለች፤ መዲና ውስጥ እያለችም ጭምር። አክስቴ ትመለሳለች። ምን ትያታለሽ ብዬ ብጠይቃት ምንም አልላትም አለችኝ፤ ያደረገው ወንድሜ አይደለም አልላትም፣ ወንድሜን ይቅር በይው አልላትም፤ ይቅርታውን እሱ ነበር መለመን የነበረበት።

መጋቢት ላይ መዲና ታመመችና ኢስራ ለመድኃኒት ፋርማሲ መጣች። እኔን ስታይ እዚህ ነው እንዴ የምትሠሪው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን እየያዝኩ እኔም ከአክስቴ ጋር መሄድ ጀመርኩ። ማን መሆኔን ሳልናገር። በየጊዜው እናገራለሁ ብዬ እወጣለሁ፤ ደርሼ እተወዋለሁ። አክስቴም ታየኛለች፣ አትናገርም።

አንድ ከሰዓት አክስቴ ከመዲና ባጅ ጋር የራሷንም ይዛ መጣች። ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻቸው። መዲና ከፍራሹ ላይ ሆና ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ተነሥታ መጣች። የራሷን አንሥታ በጥፍሯ የፈሰሰውን ወርቅ ዳሰሰችው። ከዚያ ሳቅ መጣባት፤ ልትይዘው ብላ አልቻለችም።

"የሴትዮዋ የጥፍር ቀለም ቀይ ነበር" አለች። "እስክንመለስ ድረስ ማን ጨረሰብኝ እያለች ትፈልግ ነበር።"

አክስቴም ሳቀች። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ስለ ሄልጋ ሆድ፣ ስለ ድንች ምሳው፣ መዲና የሥጋውን ምግብ ሳትበላ ስለምትተወው፣ ባይነሽ ሁለቱን ድርሻ ስለምትበላው እያወሩ ይስቁ ነበር። ኢስራና እኔ ተያየን። ከዚያ ሳቁ ቆመ። መዲና ባጁን መስኮቱ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

"ኮምቦልቻ ሄጄ አላውቅም፣ ከወጣን ወዲህ" አለች። "ልጆቹን መኪና ላይ የጫኑበትን ቦታ እናቴ ሳታይ ሞተች። እኔም አላየሁትም። ውሰጂኝ።"

በሳምንቱ ሄድን፤ ሦስታችን። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ መዲና ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ኮምቦልቻ ሰፍቶ ስለጠበቃት መንገዱ ጠፋባት፤ አክስቴ ናት የመራችን። ልጆቹ የተሰበሰቡበት ሜዳ ከዋናው መንገድ ገባ ይላል። አሁን ብሎኬት ይመረትበታል። ረድፍ ረድፍ ብሎኬት ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ማሽኑ ይጮሃል፤ ሠራተኞቹ ብሎኬት ልትገዙ ነው ብለው ጠየቁን። አክስቴ እናያለን አለቻቸው።

መዲና በብሎኬቶቹ መካከል ትንሽ ሄደችና ቆመች። መዳፏን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። አክስቴ ራቅ ብላ ቆማ ራሷን ዝቅ አደረገች። እኔ ልጸልይ ሞከርኩ፤ ቃሉ አልመጣልኝም። አባቴ እዚህ ቦታ መጥቶ ይሆን ወይስ በሩ ላይ ጠቁሞ ተመለሰ የሚለው ብቻ ነበር የሚመላለስብኝ። መዲና ስትጨርስ ፊቷን በመዳፏ አብሳ እንሂድ አለች፤ ሌላ ምንም ነገር አልጠየቀችም።

በሚኒባስ ስንመለስ ሁለቱ ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው ተቀመጥን። ዳገቱን ስንጀምር መዲና ወደ መስኮቱ እያየች፣

"ፀጋዬ ልጅ ወልዶ ነበር?" አለች።

 ሚኒባሱ ሁለት ኩርባ አለፈ። 

"ወልዷል" አለች አክስቴ። "አንዲት። ይቺ ከኋላሽ ያለችው ናት። የመጀመሪያ ቀን ልጄ ናት ስልሽ ልዋሽሽ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን ዋሽቼሻለሁ።"

መዲና ዞረች። ፊቴን አየችው፤ ግንባሬን፣ አፌን፣ እጄን ሳይቀር። ዓይኔን ልሰብር ፈልጌ አልሰበርኩም።

"እሱን አትመስልም" አለች።

"እናቷን ነው የምትመስለው" አለች አክስቴ።

"ስምሽ ማን ነበር?"

"ኑኃሚን" አልኳት።

እንደገና ወደ መስኮቱ ዞረች።  ደሴ ወርደን የገራዶ ባጃጅ ስናሳፍራት፣ ሐሙስ ቤት ነኝ ብላ ሄደች። ለየትኛችን እንደተናገረች አልገባኝም፤ አክስቴም አልገባት።

ሐሙስ ሁለታችንም ሄድን። ኢስራ አልነበረችም። መዲና ትሪ ላይ ሽንብራ ዘርግታ እየለቀመች ነበር። ሰላም ተባባልን። አክስቴ ቆማ ቀረች። እኔ ተቀመጪ እስክባል ስጠብቅ መዲና ቀና ሳትል ትሪውን ወደኔ ገፋ አደረገችው። ተቀምጬ ድንጋይ መልቀም ጀመርኩ። ስለ አባቴ የዚያን ቀን ምንም አልተነሣም፤ ከዚያ ወዲህም አልተነሣም። እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር ዛሬ ይነሣል እያልኩ እጠብቃለሁ። እስኪነሣ ድረስም መሄዴን መተው አልችልም።